በ1381ዱ የእንግሊዝ አመፅ የተቃጠሉ ቤቶችና መዝገቦች፦ ክሱ ወዴት ደረሰ?

ብራና (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በየመስመሩ "እ.ኤ.አ." እያልኩ አላሰለቻችሁም።

የ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች አመፅ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያውቀው የአመፀኞቹን መሪ ዋት ታይለርን፣ የ14 ዓመቱን ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛን እና ታይለር የተገደለበት ስሚዝፊልድ ላይ የሆነውን ነው። ታሪኩ ታይለር ሲሞት ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የቀጠለ ሙግት አለ። ቤቴን አቃጠሉት፣ ሰነዴን ቀደዱት፣ ዕቃዬን ወሰዱት የሚል። ላወያያችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። አመፁ ምን እንደነበር ከዜና መዋዕሎቹ ይልቅ እነዚህ ክሶች በደንብ ያሳያሉ ብዬ አምናለሁ።

መነሻውን ባጭሩ ልንገራችሁ። መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር ለሚያደርገው ጦርነት ገንዘብ አጠረው። በ1377 በነፍስ ወከፍ 4 ፔኒ አስከፈለ። በ1380 መጨረሻ ፓርላማው ይህን ወደ 12 ፔኒ አሳደገው። ሕዝቡ የቤተሰቡን ቁጥር መደበቅ ጀመረ። በ1381 የጸደይ ወራት ተቆጣጣሪዎች ተላኩ። ግንቦት 30 በኤሴክስ አውራጃ፣ ብሬንትዉድ ላይ የፎቢንግ መንደር ሰዎች አንከፍልም አሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የኤሴክስና የኬንት አውራጃ ሰዎች ለንደን ገቡ።

አሁን ጥቃቱ ማን ላይ እንዳረፈ ተመልከቱ። ሰኔ 10 በኮግሻል የኤሴክሱ ሸሪፍ (የንጉሡ የአውራጃ ሹም) ጆን ሲዌል ቤት ተሰበረ። በዚያው ቀን ክሬሲንግ ቴምፕል የሚባለው፣ ሆስፒታለር የተሰኙት የመስቀል ጦር መነኮሳት ማኅበር ርስት ተዘረፈ። የማኅበሩ የእንግሊዝ አለቃ ሮበርት ሄልስ የንጉሡ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ግብሩን የሚሰበስበው የእሱ መሥሪያ ቤት ነው። በካንተርበሪ ደግሞ የኬንቱ ሸሪፍ ዊልያም ሴፕትቫንስ መዝገቦቹን እንዲያስረክብ ተገደደ። መዝገቦቹ ተቃጠሉ። በለንደን፣ ቴምፕል በሚባለው የሕግ ሰዎች ሰፈር የሕግ ተማሪዎቹ ቁም ሣጥን ተከፍቶ መጽሐፍና ጥቅልሉ ሁሉ እሳት ገባ። የሊቀ ጳጳሱ ቤት ባለበት ላምቤዝ ላይም እንደዚሁ።

መዝገብ የተጻፈበት ብራና ላይ ለምን ዘመቱ? ምክንያቱም የጭሰኛው ሰንሰለት የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጌታ በርስቱ ላይ የራሱ ችሎት አለው። የችሎቱ መዝገብ ማን ከመሬቱ ጋር የታሰረ እንደሆነ፣ ስንት ቀን በነፃ እንደሚያርስ፣ ልጁን ሲድር ምን እንደሚከፍል ይናገራል። መዝገቡ ከጠፋ ጌታው ማስረጃ የለውም። ያቃጠሉት ሰዎች ይህንን አሳምረው ያውቃሉ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው፦ ከሙግቶቹ ውስጥ የትኛው የበለጠ ያስተምራል ትላላችሁ?

አድማስ

ጥሩ ርዕስ ነው ወንድሜ። ግን ሁሉንም በዓላማ የተደረገ አስመሰልከው። ግርግር ሲነሳ ሌባም አብሮ ይነሳል። ዝርፊያ አልነበረም ወይ?

ቴምዝ ዳር

ለንደን ነው የምኖረው። ሳቮይ ሆቴልን የሚያውቅ ሁሉ ቦታውን ያውቀዋል። ሆቴሉ የተከፈተው በ1889 ነው። ስሙ የመጣው ግን እዚያ ከነበረው ከሳቮይ ቤተ መንግሥት ነው። ባለቤቱ የንጉሡ አጎት ጆን ኦፍ ጎንት፣ በአገሩ ከንጉሡ ቀጥሎ ባለጸጋው ሰው። ሰኔ 13 ሐሙስ ሲቃጠል ራሱ በሰሜን፣ በስኮትላንድ ድንበር ድርድር ላይ ነበር። እዚያ ባይሆን ኖሮ በሕይወት የሚተርፍ አይመስለኝም።

ለአድማስ ጥያቄ ሳቮይ ሁለት መልስ አለው። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ የአመፀኞቹ ጠላቶች ናቸው። እነሱም እንኳ ሳይወዱ የጻፉት ነገር አለ። ሰዎቹ "እኛ ሌባ አይደለንም" ብለው ዕቃውን ሰበሩት፣ ቀሪውን ወደ ቴምዝ ወረወሩት። አንዱ የብር ዕቃ በልብሱ ሲሸጉጥ ተይዞ ከብር ዕቃው ጋር እሳት ውስጥ ተጣለ ይላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ የወይን ጠጅ ምድር ቤት ገብተው ሲጠጡ ሕንፃው የተደረመሰባቸው ሰዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ ልምጣ። በ1382 በንጉሡ ችሎት የቀረበ አንድ ክስ አለ። ተከሳሿ ሴት ናት። ጆሃና ፌረር ትባላለች፤ ባሏ ጆን ፌረር የሮቸስተር ሰው ነው። ክሱ ከኬንት የመጡት አመፀኞች ዋና መሪ ይላታል። ሳቮይን አቃጥላለች፣ የጎንትን ከ1,000 ፓውንድ በላይ ያለበትን ሳጥን ወስዳለች፣ በጀልባ ቴምዝን አሻግራ ሳውዝወርክ ላይ ወርቁን ከጓደኞቿ ጋር ተካፍላለች። ይህም አልበቃም። ሊቀ ጳጳሱ ሳይመን ሰድበሪና ሄልስ ከለንደን ግንብ ተጎትተው ወጥተው አንገታቸው ሲቆረጥ ትእዛዙን የሰጠችው እሷ ናት ይላል።

አስቡት። በዜና መዋዕሎቹ ውስጥ ስሟ የለም። የምናገኛት ክሱ ውስጥ ብቻ ነው።

እታለም

የጆሃና ነገር አስደነገጠኝ። 1,000 ፓውንድ በዚያ ዘመን ስንት ነው?

ቴምዝ ዳር

እህቴ፣ አንድ የለንደን የቀን ሠራተኛ በቀን 3 ወይም 4 ፔኒ ቢያገኝ ነው። ፓውንዱ 240 ፔኒ ነው። አስልተሽ ድረሺበት። ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ አይደርስበትም።

ብራና

ቴምዝ ዳር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጆሃናን ስላነሳህልኝ ደስ ብሎኛል። ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ የክስ ወረቀት ነው። ክስ ደግሞ ሆነ የተባለው እንጂ የሆነው አይደለም።

ክሱ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንይ። ከየአካባቢው 12 ያህል ሰዎች ምለው ይቀመጣሉ። "በአካባቢያችሁ ማን ምን አደረገ?" ተብለው ይጠየቃሉ። ያወቁትን፣ የሰሙትን፣ አንዳንዴም የሚፈልጉትን ይናገራሉ። ጸሐፊው ያንን በላቲን፣ በተለመደው የችሎት ቋንቋ ያሰፍረዋል። "በጦር መሣሪያ፣ የንጉሡን ሰላም በማፍረስ" የሚለው ሐረግ ሁሉም ላይ አለ። አንዱ ዱላ እንኳ ሳይዝ ገብቶ ይሆናል። ሰይፍና ቀስት ይዞ ገባ ተብሎ ይጻፍበታል። ካልተጻፈ ጉዳዩ በንጉሡ ፍርድ ቤት አይታይማ።

ደግሞም እነዚህ ምለው የሚቀመጡት ሰዎች ራሳቸው የአመፁ ጎረቤቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ተሳታፊም ነበሩ። ራሳቸውን ለማዳን ጣታቸውን ወደ ሌላ ሰው ይቀስራሉ፤ ከሌላ አውራጃ ወደመጣ ሰው ቢሆን ደግሞ ይመርጣሉ። የገዳም ከተማ በሆነችው ሴንት አልባንስ ላይ ዋና ዳኛው ሮበርት ትሬሲልያን መጀመሪያ የተሰየሙት ሰዎች ማንንም አንጠቁምም ሲሉት አስፈራርቶ ነው ስም ያወጣው። የገዳሙ መነኩሴ ቶማስ ዎልሲንግሃም ራሱ ጽፎታል። መነኩሴው ደግሞ የዳኛው ደጋፊ ነው።

ጠበቃው

ልጆች፣ በሕጉ በኩል የተዘለለ ነገር ስላለ ልግባበት። ሥራዬም ስለሆነ ነው።

ቤት ማቃጠልና ዝርፊያ በዚያን ጊዜ ሞት የሚያስፈርዱ ወንጀሎች ናቸው። ተከሳሹ ከተፈረደበት ይሰቀላል። ንብረቱስ? ተንቀሳቃሹ ለንጉሡ ይወረሳል። መሬቱ ንጉሡ ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ከያዘው በኋላ ወደ ጌታው ይመለሳል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ምን ያገኛል? ምንም። የተሰቀለ ሰው ካሣ አይከፍልም።

ለዚህ ነው ብዙ ባለ ንብረት ሌላ መንገድ የመረጠው። "በኃይል ገብተህ ጉዳት አድርሰህብኛል" የሚል የግል የካሣ ክስ አለ። በንጉሡ ችሎትም በሌላውም የዌስትሚንስተር ችሎት ይቀርባል። ከሳሽ የጉዳቱን ግምት ይጽፋል። ከረታ ካሣውን ይቀበላል። ተከሳሹ ሰላም ስላፈረሰ ለንጉሡም መቀጫ ይከፍላል። አንገት ግን አይቆረጥም።

ከአመፁ በኋላ እንዲህ ያሉ ክሶች ጎረፉ። በአንድ መጥሪያ ብዙ ሰው አብሮ ይከሰሳል። አብዛኛው ግን አይቀርብም። ያኔ ረጅሙ መንገድ ይጀመራል። መጀመሪያ ይጠራል። ካልመጣ ንብረቱ ይያዛል። ካልመጣ እንዲታሰር ይታዘዛል። ከጠፋ በአውራጃው ፍርድ ቤት በአምስት ተከታታይ ችሎቶች ስሙ ይጠራል። በአምስተኛውም ካልቀረበ ከሕግ ጥበቃ ውጪ ነው ይባላል። ንብረቱ ይወረሳል። መክሰስ አይችልም። ውል የለውም። ለድሃ ሰው ይህ ራሱ ትንሽ ሞት ነው።

የመጨረሻው ፍርድ ያልተጻፈባቸው መዝገቦች ብዙ የሆኑት ከችሎት ውጪ በሚደረግ እርቅ የተነሳም ነው። ክሱ ማስገደጃ ነው። ሰውዬው ጥቂት ከከፈለ፣ ይቅርታ ከጠየቀ፣ ከሳሽ ይተወዋል። አገራችን ውስጥ ስንት ፋይል በሽምግልና እንደሚዘጋ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ሌላም አለ። በኅዳር 1381 የተሰበሰበው ፓርላማ ሰነዳቸው ለተቃጠለባቸው ባለ ርስቶች መፍትሔ አበጀ። ከዚያ ደግሞ አንድ ትልቅ ሕግ አወጣ። ማንም ሰው ሕግ ካልፈቀደለት በቀር የሰው መሬትና ቤት አይግባ። ሕግ ቢፈቅድለትም በጉልበትና ሰው አሰልፎ ሳይሆን በሰላም ይግባ። ይህ ሕግ እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1977 ድረስ በሥራ ላይ ነበር። ወደ 600 ዓመት ማለት ነው።

እኛም ዘንድ ሐሳቡ አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 ላይ "ሁከት ይወገድልኝ" የምንለው ክስ ነው። ይዞታው በኃይል የተነካበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ይከሳል። የእኛው ሕግ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ሁለቱም ግን የሚሉት አንድ ነው፦ መብት ቢኖርህም ጉልበትህን ይዘህ አትምጣ፤ ፍርድ ቤት ና።

ሰላሌ

ጋሽ ጠበቃው፣ ያስረዱት ነገር ግልጽ ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። "ፍርድ ቤት ና" የሚባለው ፍርድ ቤቱ የማን ሲሆን ነው? ጭሰኛው የሚዳኘው በጌታው ችሎት ነው። ጌታው ላይ ስለ መሬቱ በንጉሡ ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። በሩ ተዘግቶበታል።

የሴንት አልባንስን ነገር ልንገራችሁ። ከተማዋ የገዳሙ ነች። ሰዎቹ እህላቸውን በገዳሙ ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጩና እንዲከፍሉ ይገደዳሉ። በቤታቸው የእጅ ወፍጮ መያዝ ክልክል ነው። ከአመፁ ወደ 50 ዓመት ቀደም ብሎ አበምኔት ሪቻርድ ኦፍ ዎሊንግፎርድ የእጅ ወፍጮዎቻቸውን ቀማ። ድንጋዮቹንም የገዳሙን የእንግዳ ክፍል ወለል አነጠፈባቸው። መነኮሳቱ በየቀኑ ይረግጡታል። የከተማው ሰው ለጉዳይ በገባ ቁጥር የአባቱን ወፍጮ ረግጦ ይገባል።

በ1381 ሕዝቡ ገዳሙ ሲገባ ያንን ወለል ነቀለው። ድንጋዩን ሰባብረው ቁራሽ ቁራሹን ተከፋፈሉት። እሑድ በቤተ ክርስቲያን እንደሚታደል የተባረከ ዳቦ ነበር የተካፈሉት፤ ይህን ያለው ዎልሲንግሃም ነው። ክሱ ላይ ይህ "የገዳሙን ንብረት ማውደም" ነው። መሪያቸው ዊልያም ግሪንድኮብ ተሰቀለ። የአመፁ ሰባኪ ካህኑ ጆን ቦልም እዚያው ሴንት አልባንስ ሐምሌ 15 ሞት ተፈጸመበት።

የማንን ንብረት ነው ያወደሙት? እኔ በበኩሌ የገዳሙን ንብረት አልለውም።

አድማስ

ሰላሌ፣ የወፍጮው ነገር ልብ ይነካል። እስማማለሁ። ግን በአንድ ዓይን ብቻ እንዳናይ። ለንደን ውስጥ የተገደሉት ፍሌሚሾች (የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ ሰዎች) ምን አጠፉ? ሸማኔና ነጋዴ ስደተኞች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ገብተው ተጠልለው ነበር። ከ30 በላይ ሰዎች ከቪንትሪ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ተጎትተው መንገድ ላይ ታረዱ። እነሱ የጭሰኛ መዝገብ አልያዙም። ግብር አልሰበሰቡም። እኛ በየአገሩ ተሰድደን የምንኖር ሰዎች ይህን ቶሎ ማለፍ ያለብን አይመስለኝም።

ቴምዝ ዳር

አድማስ ልክ ነው። እኔም ባዕድ አገር ነው የምኖረው። ያችን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

ብራና

ከባድ ነጥብ ነው። ልሸሸው አልፈልግም። እንዲያውም መዝገቦቹ የሚያስፈልጉን ለዚህ ነው። ሁሉም ጥቃት አንድ ዓይነት አልነበረም። በአመፁ ጥላ ሥር የቆየ የግል ቂም የተወጣም አለ።

ቶማስ ፋርንዶንን ውሰዱ። የለንደን ወርቅ አንጣሪ ነው። በክሱ መሠረት የኤሴክስን ሰዎች ወደ ለንደን መርቶ አመጣ፤ የሄልስን የሃይበሪ ቤት ካቃጠሉት አንዱ ነው። ለምን? ሄልስ ርስቴን በማጭበርበር ነጠቀኝ ይላል። ንጉሡ ከአመፀኞቹ ጋር በተነጋገረበት በማይል ኤንድ የንጉሡን ፈረስ ልጓም ይዞ ፍትሕ ስጠኝ ብሎ ጮኸ ተብሎ ተጽፎበታል። ሰውዬው በሕጋዊው መንገድ ያጣውን ነው በእሳት የፈለገው። በኋላ ምሕረት አገኘ።

የክስ ፖለቲካም ነበር። በኅዳር 1382 የለንደን ሸሪፎች ባደረጉት ምርመራ ጆን ሆርን፣ ዋልተር ሲቢልና አዳም ካርላይል የተባሉ የከተማው ሹማምንት አመፀኞቹን አስገብታችኋል ተባሉ። ሲቢል የለንደን ድልድይን ከፈተላቸው ተባለ። በዚያን ጊዜ ከተማዋ በሁለት ወገን ተከፍላ ትናከሳለች። ከንቲባው ጆን ኖርዝሃምፕተን የዓሣ ነጋዴዎቹ ጠላት ነው። ሆርንና ሲቢል ዓሣ ነጋዴዎች ናቸው። ኖርዝሃምፕተን ከሥልጣን ወረደ፤ በ1384 ተከሳሾቹ ነፃ ወጡ። ለዘመናት የታሪክ መጻሕፍት ግን ክሱን እንደ እውነት ሲደግሙት ኖሩ። ስማቸው በከዳተኝነት ተነሣ። ለዚህ ነው ስለ ጆሃናም ቢሆን ቀስ እንበል የምለው።

እታለም

የካምብሪጁን አንድ ሰው ያንሣልኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ላይ የደረሰው ሳይነገር አይለፍ።

የከተማው ሰዎች፣ ከንቲባው ሳይቀር፣ ኮርፐስ ክሪስቲ ኮሌጅን ሰበሩ። የኮሌጁ ርስት በከተማዋ ብዙ ነበር፤ ኪራይ ይሰበስባል። የዩኒቨርሲቲውን ሰነድ ገበያ መሃል አቃጠሉት። ማርጀሪ ስታር የምትባል አሮጊት አመዱን ወደ ነፋስ እየበተነች "የሊቃውንት ዕውቀት ይጥፋ!" ብላ ጮኸች ይባላል።

እኔ የማስተምር ሰው ነኝ። መጽሐፍ ሲቃጠል ማየት አልችልም። ግን ይህችን ሴት መጥላት አልቻልኩም። ከዚያ ሁሉ ዕውቀት እሷ ጋ የደረሰው የኪራይ ሒሳቡ ብቻ ነው።

ውጤቱስ? ከተማዋ ተቀጣች። የዳቦ፣ የወይንና የጠላ ገበያ ቁጥጥር፣ ሚዛንና መስፈሪያው ሁሉ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ከተማዋ ልትነጥቀው ከፈለገችው መብት በላይ ሰጥታ ገባች። ይህ ቅጣት በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም። ለትውልድ ነው የተረፈው።

ጠበቃው

እታለም ጥሩ አድርገሽ አነሣሽው። የከተማ ቅጣት ከተነሣ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስም አለች። እዚያ ሰዎቹ የገዳሙን ምክትል አለቃ ገደሉ፤ የገዳሙን ጌጣጌጥም የከተማው ነፃነት እስኪጻፍላቸው ድረስ መያዣ አድርገው ወሰዱ። እንደ ውል መያዣ ማለት ነው። አመፀኞቹን የመራው ካህን ጆን ሮው ሲያዝ ነፍሱን ለማትረፍ ጓደኞቹን አጋልጦ ሰጠ። የማን ቤት እንደተዘረፈ፣ ማን ምን እንደወሰደ አንድ በአንድ ተናገረ። አላተረፈውም። በ1382 ተሰቀለ። የእሱ ቃል ግን ዛሬም ከመዝገቦቹ ሁሉ ዝርዝር ያለው ነው። ከተማዋ 2,000 ማርክ ተቀጣች። ማርኩ የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው።

ስለ ምሕረቱም ልንገራችሁ። ንጉሡ ማይል ኤንድ ላይ የሰጠውን የነፃነት ደብዳቤ ሐምሌ 2 ቀን ቼልምስፎርድ ላይ ሻረው። ቃሉን አጠፈ። በዓመቱ መጨረሻ ፓርላማው አጠቃላይ ምሕረት ሲያውጅ 287 ሰዎችን በስማቸው ለየ። ሰድበሪን፣ ሄልስንና ከትሬሲልያን በፊት ዋና ዳኛ የነበረውን ጆን ካቨንዲሽን የገደሉም ምሕረቱ አይነካቸውም። ከዝርዝሩ ውስጥም በኋላ ብዙዎቹ በግል ምሕረት አገኙ።

ልብ በሉ፤ ምሕረቱ የንጉሡን ክስ ነው የሚያስቀረው። የግል የካሣ ክሱን አያስቀርም። ንጉሡ ይቅር ያለው ሰው፣ ቤቱን ያቃጠለበት ጎረቤቱ መጥሪያ ይዞ በሩ ላይ ሊመጣበት ይችላል። ብራና መጀመሪያ ለጠየቀው የእኔ መልስ ይኸው ነው። የሚያስተምረው የተሰቀሉት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ይቅር ተብለው በካሣ ሙግት ዓመታት ያሳለፉት ሰዎች ጉዳይ ነው።

ሰላሌ

ትሬሲልያንስ? ያ ሁሉ ሰው ያሰቀለው ዳኛ እንዴት ሆነ?

ጠበቃው

በ1388 የንጉሡ ተቃዋሚዎች ፓርላማውን ሲይዙ በአገር ክህደት ተከሰሰ። ዌስትሚንስተር ውስጥ ከተደበቀበት ወጥቶ የካቲት 19 ታይበርን ላይ ተሰቀለ። በ1381 ብሬንትዉድ ሄዶ አመፀኞቹ ያባረሩት ዳኛ ሮበርት ቤልናፕም በዚያው ፓርላማ ተፈርዶበት ወደ አየርላንድ ተጋዘ።

እታለም

እነዚህን መዝገቦች ማየት ይቻላል? ለተማሪዎቼ የጆሃናን ክስ ባሳይ ደስ ይለኛል።

ብራና

ይቻላል እህቴ። የንጉሡ ችሎት ጥቅልሎች ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው ያሉት። ፎቷቸውን የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ትችያለሽ። ላቲን ነው፤ ጽሑፉም በምህፃረ ቃል የተሞላ ስለሆነ አንባቢ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በስፋት ያሰባሰባቸው አንድሬ ሬቪል የሚባል ፈረንሳዊ ወጣት ነው። ሥራውን ሳይጨርስ በ1894 ሞተ። ሌሎች በ1898 አሳተሙለት።

ለክፍልሽ ከሆነ የጆሃናን ክስ ብቻውን አታሳዪ። የፋርንዶንንና የሲቢልን አብረሽ አቅርቢላቸው። ከዚያ ተማሪዎቹ ራሳቸው ጁሪ፣ ማለትም እንደነዚያ 12 ሰዎች ምለው የሚቀመጡ፣ ሆነው ይቀመጡ፤ የትኛውን እንደሚያምኑ፣ ለምን እንደሚያምኑ ይናገሩ። ያሉትን እዚህ ብትጽፊልን ሁላችንም እናነባለን።